የጣሪያችን ውኃ የማን ነው? በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ዝናብን ስለ መያዝና ጎርፍን ስለ ማብረድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል ከቀረበው የተገለበጠ)



ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ላይ ጥቂት ወጥቶ ሸንተረሩ ላይ የቆመ ሰው በደቡብ በኩል ከተማዋን ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ያያታል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚያዘነብለውን አገር ይመለከታል። ያ ሸንተረር የውኃ ድንበር ነው። በሰሜኑ ገጽ ያረፈች ጠብታ በሙገር በኩል ዓባይን ትከተልና ሱዳንን ግብፅን ታያለች። በደቡቡ ገጽ ያረፈችው በቀበና፣ በግንፍሌ ወይም በቀጨኔ በኩል ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ትወርዳለች፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ስለሆነ መጨረሻዋ በአፋር ምድር የአቤ ሐይቅ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ሁለተኛዪቱ ጠብታ ናት። ከዚያም ውስጥ አቤ ሐይቅ እስክትደርስ ያለውን ረጅም ጉዞ ትቼ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ብቻ ልከተላት እፈልጋለሁ፤ ከጣሪያችሁ ተነሥታ በሰፈራችሁ ቦይ አድርጋ ቀበና እስክትገባ ድረስ ያለውን።

የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ2,300 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ውኃው የሚጨርሰው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ሌሎች ከተሞች ጎርፍን የሚያውቁት ቀስ ብሎ እንደሚሞላ፣ ቀናት እንደሚሰነብት ውኃ ነው። የእኛ ጎርፍ ግን ሯጭ ነው። ከዝናቡ ጋር ይመጣል፤ አፈሩን፣ ድንጋዩንና አጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ጭቃውን ትቶልን የለም። ስለዚህ «ጎርፉ የት ደረሰ?» ብሎ ለማስጠንቀቅ ጊዜ አይገኝም። ሥራው ሁሉ ከዝናቡ በፊት መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ዝናቡ መጠንም ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በዝናብዋ በዓለም ስሟ የሚነሣው ለንደን የምታገኘው 600 ገደማ ነው። ልዩነቱ ለንደን ዓመቱን ሙሉ ስታካፋ እኛ ድርሻችንን በአንድ ክረምት መቀበላችን ነው፤ ከዓመቱ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በፍልሰታ ጾም ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ምእመን ሁሉ ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል። ነጠላው እንደ ራሰ ያስቀድሳል፣ እንደ ራሰ ይመለሳል። ያው ሰው በየካቲት ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ ጄሪካን ይደረድራል። ድርቅና ጎርፍ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈራረቃሉ ማለት ነው። ይህን ተቃርኖ የዝናብ ማነስ አላመጣውም፤ ያመጣው የወረደውን ሁሉ በሩጫ መሸኘታችን ነው።

ተራራው ራሱ ቀድሞ ምን ያደርግ እንደ ነበር ማሰብ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ በመሠረቱበትና በኋላም እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን ባቋቋሙበት በ1879 ዓ.ም. ዘመን፣ የሰፈሩና የጦሩ የማገዶ ፍላጎት የአካባቢውን ጽድና ወይራ በፍጥነት አሳሳው። ከተማዪቱን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር አሳብ እስከ መነሣት የደረሰው በእንጨት እጦት ነበር። ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን ማማት በእኛ ሙያ ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ግን እርሱ ባይኖር ዛሬ እዚህ ተሰብስበን የምንነጋገርባት ከተማ ራስዋ ላትኖር ትችል እንደ ነበር ሳላነሣ ልወቅሰው አልወድም።

የሆነ ሆኖ ለውኃ ያለው ጠባይ ከአገር በቀሉ ደን የተለየ ነው። በጽድና በወይራ ደን ውስጥ ከትልቁ ዛፍ ሥር ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ሣር፣ ከሣሩ ሥር የበሰበሰ ቅጠል አለ። ዝናቡ በእነዚህ ሁሉ እየተቀበለ፣ ኃይሉ እየደከመ ወደ መሬት ይደርሳል፤ መሬቱም እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን ብዙ ጊዜ መሬቱ ራቁቱን ነው። ለዚህም ዛፉ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። የረገፈውን ቅጠል ለእንጀራ ምጣድ ጠርገው፣ ጭራሮውን ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እነርሱን «ደኑን ጎዳችሁ» ማለት ነውር ነው፤ ከተማዪቱ እንጀራዋን የጋገረችው በእነርሱ ጀርባ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ከተነሣ በኋላ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ እንደሚመታው፣ የተመታው አፈር ገጹ እንደሚደፈን፣ የተደፈነው ገጽ ውኃውን እንደሚያንሸራትት ማወቅ አለብን። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህና በአረንጓዴ አሻራ የአገር በቀል ችግኞች ሲተከሉ ይህ ገጽታ በከፊል እየተለወጠ ነው። ችግኝ ስፖንጅ እስኪሆን ግን ብዙ ክረምት ይፈልጋል። እስከዚያው ሸክሙ የእኛ የታችኞቹ ነው።

እኛ ደግሞ ምን ሠራን? ከደኑ ጫፍ ጀምሮ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ቀበና እየወረድን ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ኮብልስቶን አነጠፍን። በጤናማ ደን ላይ ከወረደ ውኃ በገጸ ምድር የሚሮጠው ትንሹ እጅ ሲሆን፣ በቆርቆሮ ላይ ከወረደው ከአሥር ዘጠኙ ይሮጣል። አንድ ግቢ ሲሚንቶ ሲለበስ ባለቤቱ ጭቃ ስለ ቀረለት ደስ ይለዋል፤ ጭቃው ግን ወደ ታችኛው ጎረቤት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ተማሪዎቼ እንደሚያውቁት ይህን ስናገር ጠመኔ ሳልይዝ አልችልም። መነሻው ቀላል ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ባለ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ፣ በትነትና በፍንጣሪ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንተወው እንኳ 52,800 ሊትር ይሰበስባል። በሃያ ሊትር ጄሪካን ስንቆጥረው 2,640 ጄሪካን ይሆናል።

ይህ ቁጥር ያጓጓል፤ ነጋዴዎችም ሮቶ ሲሸጡ ይህንኑ ይነግሯችኋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለወለል በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ዝናቡ ከቆመ በኋላ የሚያገለግለው ሃያ ቀን ነው። በመስከረም መጨረሻ ሞልቶ የተዘጋ ሮቶ ጥቅምትን ሳያጋምስ… እስቲ ጥቅምትን አጋምሶ ያልቃል እንበል፤ ፋሲካ ግን አይደርስም። ስለዚህ «ዓመቱን ሙሉ ከቧንቧ ትገላገላላችሁ» የሚላችሁን አትመኑ። ትርፉ በክረምት ወራት ለልብስና ለመጸዳጃ የታከመ የቧንቧ ውኃ አለመጠቀማችሁ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም በኤሌክትሪክ እየተገፋ የሚመጣ ውኃ ወደዚህ ከፍታ ለመድረስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስወጣ አስቡት። ለመጸዳጃ ቤት መልቀቂያ እርሱን ማፍሰስ ጮማ ለውሻ እንደ መጣል ነው።

የመሰብሰቢያው አሠራር ረቂቅ አይደለም። አሸንዳው ወደ መውረጃው ቧንቧ በጥቂቱ ያዘንብል፤ መውረጃው ላይ ቅጠልና የወፍ ላባ የሚይዝ ወንፊት ይደረግ። የመጀመሪያው ውኃ ግን ወደ ሮቶ አይግባ። በጋውን ሙሉ የተከማቸው አቧራ፣ የወፍ ኩስና የዝገት ብናኝ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ሊትር ቢለቀቅ ይበቃል፤ ለ60 ካሬ ሜትር ሦስት ጄሪካን ማለት ነው። ይህን ከሮቶው በፊት በምትቀመጥ አንዲት ትንሽ በርሜል መቀበል ይቻላል፤ እርስዋ ስትሞላ ትርፉ ወደ ሮቶው ያልፋል፣ ከዝናቡ በኋላም ትደፋለች። እንዲህም ተደርጎ ውኃው ለመጠጥ አይሁን፤ ለመጠጥ ካስፈለገ ፈልቶ ወይም ታክሞ ነው። ክዳኑ ደግሞ ይቆለፍ። ይህን የምለው ስለ ሕፃናት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቁጠባ ነው። ስለ ጎርፍ ስንናገር ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰውም የማያስተውለው ይህን ነው። ለቁጠባ የተሞላ ሮቶ ያስፈልጋል፤ ለጎርፍ ግን ባዶ ሮቶ ነው የሚያስፈልገው። በሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት በየግቢው ያለው ሮቶ ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ፣ ለታችኛው ሰፈር ሮቶ እንደሌለ ይቆጠራል። መፍትሔው ግማሽ በግማሽ መካፈል ነው። የሮቶው የታችኛው ግማሽ ለቤት ይቀመጥ፤ የላይኛው ግማሽ ለጎርፉ ይተው። በቁመቱ አጋማሽ ላይ የአምስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማፍሰሻ ብትገጠም፣ ከባለ 2,000 ሊትሩ ላይ ያለው 1,000 ሊትር በግማሽ ቀን ያህል ጊዜ ቀስ ብሎ ይወጣና ለሚቀጥለው ዝናብ ቦታ ይለቅቃል። ዝናባችን ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሌሊቱ ይበቃናል።

ይህ ምን ያህል ይረዳል? ሦስት መቶ ቤት ያለበት ሰፈር እናስብ፤ እያንዳንዱ ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር። በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ከጣሪያዎቹ ብቻ 540 ሜትር ኩብ፣ በሴኮንድ 300 ሊትር ይፈስሳል። በየሴኮንዱ አንድ በርሜል ተኩል በአንድ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ማለት ነው። ሁሉም ቤት 1,000 ሊትር የሚሆን ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ ከ540ው 300ው በየግቢው ይቀራል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዝናቡ አንድ ወጥ ከሆነ ቦታው በአሥራ ሰባት ደቂቃ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ትርፉ እንደ ቀድሞው ይሮጣል። ስለዚህ ሮቶ ብቻውን አይበቃም። የትርፉ መውጫ ወደ የት ያመራል? ጥያቄው ይህ ነው። ወደ ጓሮ አትክልት፣ ወደ ሣር ወይም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ቢያመራ ሁለተኛ ዕድል ይገኛል።

የጃፓን ዋና ከተማ የቶኪዮ አንድ ክፍል የሆነው ሱሚዳ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አድርጓል። ሱሚዳ ዝቅተኛ ስለሆነ ፍሳሹ በዝናብ ጊዜ ወደ ጎዳናው ይመለስበት ነበር። የሱሞ ትግል አዳራሻቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የጣሪያው ውኃ በምድር ውስጥ ታንከር ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ እንዲውል ሆኖ ተሠራ። የሚማርከኝ ግን አዳራሹ አይደለም፤ በየመንደሩ መተላለፊያ ላይ ከጎረቤት ጣሪያ የሚሞሉ፣ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳባቸው የጋራ ታንከሮች መትከላቸው ነው። አትክልት ያጠጡበታል፤ እሳት ቢነሣም ያጠፉበታል። የጋራ ንብረት በጋራ መጠበቅ የእኛ እድሮች ድንኳንና ብረት ድስት ይዘው ሲሠሩት የኖሩት ነው። ድንኳን የሚጠብቅ እድር ታንከር መጠበቅ አያቅተውም።

የእኛም አባቶች ቢሆኑ ውኃ መያዝን ከሌላ አልተማሩም። በአክሱም ማይ ሹም እስከ ዛሬ አለ። የኮንሶ ሕዝብ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ከፋፍሎ አፈሩንና ዝናቡን አብሮ ስለ ያዘ መልክዓ ምድሩ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከን ማለት ሩጫን ወደ እርምጃ መለወጥ ነው።

ስለ ማስረጊያ ጉድጓድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ግን አላልፍም፤ በዚህ ነገር አጥብቄ ነው የምናገረው። ውኃ ወደ መሬት ማስረግ በጠቅላላው መልካም ነው፤ ምንጭና ጠበል የሚኖረው ከላይ የሰረገ ውኃ ስላለ ነው። ነገር ግን በሜዳ ላይ የሚያድን ነገር በገደል አፋፍ ላይ ይገድላል። ቤታችሁ ከድጋፍ ግንብ በላይ ወይም በቁልቁለት ጫፍ ላይ ከሆነ፣ በዚያ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የጣሪያችሁን ውኃ ብትጨምሩበት አፈሩ ይከብዳል፣ መያያዣው ይላላል፣ ግንቡም ከጀርባው ይገፋል። የሚንደው በታችኛው ቤት ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ውኃው በቧንቧ ተይዞ እስከ ቦዩ በደህና ይወሰድ፤ ድጋፍ ግንቡም ከጀርባው ያለውን ውኃ የሚያስተነፍስበት ቀዳዳ ይኑረው፣ ቀዳዳውም አይደፈን። ሜዳማ ግቢ ያለው ሰው ግን ከቤቱ መሠረት ቢያንስ አምስት ሜትር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድም ርቆ ይቆፍር፤ በጠጠር ይሙላው። ከመሙላቱ በፊት ማታ ውኃ ጨምሮበት ይደር። ጧት ውኃው ካልሄደ አፈሩ መረሬ ነውና ሐሳቡን ይተው። ቀይ አፈር ባለበት በላይኛው ሰፈር ብዙ ጊዜ ይሰራል፤ ወደ ታች ስትወርዱ ግን ተስፋው ይቀንሳል።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር የሁለቱ መስመሮች መደባለቅ ነው። የጎርፍ ቱቦና የፍሳሽ ቱቦ የተለያዩ ናቸው። የጎርፉ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ የፍሳሹ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ። አሸንዳውን ከፍሳሽ ማንሆል ጋር የሚያገናኝ ሰው በክረምት ማንሆሉ በጎረቤቱ በር ላይ እንዲገነፍል ያደርጋል። መጸዳጃውን ከጎርፍ ቦይ ጋር የሚያገናኝ ደግሞ ቀበናን ያቆሽሻል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ሕፃናት ይጫወታሉ፣ ወደ ታች ደግሞ በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ያ ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል።

ቦዩን በቆሻሻ ስለ መድፈን ብዙ ስለ ተባለ አልደግመውም።

ዝናብ ያልወረደበት ሰፈር ስለ ጎርፍ አይመለከተኝም ማለት እንደማይችል የሚያሳይ መራራ ምሳሌ በአገራችን አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬ ዳዋ ሌሊቱን በደቻቱ ወንዝ ስትመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያን ጎርፍ ያመጣው በዋነኛነት ከከተማዪቱ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የወረደ ዝናብ ነው። የተኙ ሰዎች የሌላ ቦታ ዝናብ ወሰዳቸው። እኛ እንጦጦ ሥር ያለን ሰዎች ከዚህ ታሪክ ውስጥ ያለን ቦታ የተራራው ነው። በቀበና ዳር፣ በወንዙ አፋፍ ላይ በጭቃ ቤት የሚኖረው ሰው ውኃውን የሚቀበለው ከእኛ ነው። እርሱ ራሱን ሊያድን የሚችልበት አቅም ጥቂት ነው፤ መሬቱም፣ ጊዜውም፣ ገንዘቡም የለውም። ውኃውን ማብረድ የሚችለው ከላይ ያለው ነው። በድሮው ሥርዓት በጠፈጠፍ የተጣሉ ጎረቤቶች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ የሚጠየቀው «ውኃህ የት ይወርዳል?» ተብሎ ነበር። ዛሬ ጎረቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚኖር ፊቱን አናይም እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

ከታዳሚ የተነሡ ሁለት ጥያቄዎችን ልመልስ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሮቶ የምገዛበት የለኝም፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» ብለዋል። እናቴ፣ በርሜል ካለዎት በርሜል ይበቃል፤ ሁለት በርሜል 400 ሊትር ነው፣ በክረምት ለአራት ቀን ልብስና መጸዳጃ ይሆናል። በርሜልም ከሌለ ከግቢዎ ሲሚንቶ ያልለበሰውን አያስለብሱ። እርሱም ቢሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ወጪም የለውም። በአጥርዎ ሥር በተዳፋቱ አግድም አንድ ረድፍ ሣር ይትከሉ፤ ቬቲቨር ቢሆን ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል።

አንድ የእድር ሊቀመንበር ደግሞ «ወረዳው ቦዩን ሳይሠራልን እኛ ብንደክም ምን ዋጋ አለው?» ብለዋል። ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ዋናው ቦይና የወንዙ ዳር የመንግሥት ሥራ ነው፣ ነዋሪ በአካፋ አይተካውም። ነገር ግን ወረዳው ፊት ስንቀርብ «ጎርፍ አስቸገረን» ከማለት «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ወርዶ ቦዩ እዚህ ጋ ሞልቶ ወጣ» ብንል መልሱ ይለያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ጣሳና አንድ ማስመሪያ ነው። ጣሳው ከዛፍና ከቤት ጥግ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በየቀኑ ጧት በሦስት ሰዓት የውኃው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይለካና በደብተር ይጻፍ፤ ከዚያ ይደፋ። ከላይ ከኪዳነ ምሕረት አካባቢ አንድ እድር፣ ከመካከል አንድ፣ ከቀበና ድልድይ አጠገብ አንድ ቢለካ የሦስቱን ደብተር ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ለመያዝ የምትፈቅዱ ስማችሁን በበሩ አጠገብ ላለችው ረዳቴ አስመዝግቡ፤ ማስመሪያውንና ደብተሩን እኛ እንሰጣለን፣ ጣሳውን ከቤት አምጡ።